ከባምባሲ እስከ መንጌ በአንድ ቋጠሮ

ይህ ኩታዬ አንድ ጫፍ የለውም። ያየው ሁሉ ምን ነካው ይለኛል። ለአንዳንዱ ዓባይን ስሻገር አዞ ይዞ አስቀረው እላለሁ፤ ለሌላው አንበሳ ነው እላለሁ። ለነፍስ አባቴ መዋሸት ስለከበደኝ ዝቅ አድርጌ አይጥ በላው አልኳቸው። ዛሬ ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ የምፈራቸው ሰዎችም አልፈዋል፤ እውነቱን ላውጋችሁ።

መቼም በእኛ መንደር እንደኔ አገር ያየ የለም። መንደራችን ከድባጤ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ቆላው የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ሰዉ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፣ "ያ ደግሞ ምን አገር ይሆን?" ይላል፣ ከዚያ ወደ እርሻው ይመለሳል። እኔ ብቻ አልተመለስኩም። በሃያ አምስት ዓመቴ ስልቻ በጀርባዬ አዝዬ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ የወለጋን ጠርዝ ይዤ፣ በባምባሲና በአሶሳ በኩል ሱዳን ልገባ ወጣሁ። ከሱዳን ግብፅ፤ ግብፅ ከደረስኩ ደግሞ ኢየሩሳሌም ምን ቀራት ብዬ። ያን ጊዜ አንድ ወንዝ ሲሻገሩ ጌታው፣ ቋንቋው፣ እህሉና መሐላው ስለሚለወጥ፣ አገር ማየት ለሚወድ ሰው እግር ብቻ ይበቃዋል። ጭንቅላትም ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ የነገረኝ አልነበረም።

በስልቻዬ ውስጥ በሶ፣ ቢላዋና አንዲት ትርፍ እጀ ጠባብ ነበረች። ትልቁ ሀብቴ ግን አንገቴ ላይ ነበር። እናቴ ያላትን አንድ ወይፈን ሸጣ በሰጠችኝ ገንዘብ፣ ወለጋ ላይ የዝባድ ቀንድ ገዝቼ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ ሽቶ ነው፤ በበሬ ቀንድ ይታጨቅና አፉ በቆዳ ይታሰራል። ጥቂቱ ሴትን ያሳምራል፤ ብዙው ቤት ያስለቅቃል። የሱዳን ነጋዴዎች አጥብቀው ይፈልጉታል ስለተባልኩ፣ ከማተቤ ጎን በጠፍር አንጠልጥዬው እሄድ ነበር። አፍንጫዬ ለምዶት ሽታው አይሰማኝም። ውሾች ግን ከየመንደሩ ወጥተው ይሸኙኝ ነበር።

ባምባሲ የደረስኩት ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን ነው። እዚያ የኦሮሞ ሴቶች ፋርሶ የሚሉትን ጠላ ይሸጣሉ። ቀመስኩ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ለአገሩ ክብር ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ፀሐዩ ሲያንገዳግደኝ ዋርካ ሥር ጋደም አልኩ። ከጎኔ ጀለቢያ የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው የበርታ ሰው የስልቻውን አፍ እያሰረ ተቀምጧል። ስነቃ ሰውየው ሊሄድ ተነሥቷል። አንገቴን ስዳብስ ማተቤ ብቻ አለ።

"በንጉሥ አምላክ ቁም" አልኩት።

በእኛ አገር ይህን ቃል የሰማ ሰው ወንዝ እየተሻገረም ቢሆን ይቆማል። ለሰውየው ግን ቃሉ ከደጋ ገና የመጣ እንግዳ ነገር ነው፤ መንገዱን ቀጠለ። ተጠርቶ ያልቆመ ደግሞ በእኛ ዓይን ግማሽ ጥፋተኛ ነው። ጮኽኩ። የኬላው ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጣ።

"ምን ወሰደብህ?"

"የዝባድ ቀንድ። ካንገቴ ላይ።"

"ስልቻህን ክፈት" አለው ዘበኛው።

ሰውየው ስልቻውን ደረቱ ላይ አቀፈው። "አይከፈትም። የልጄ ልብስ ነው። ልጄ ጁምአ ኒካህ አለው። የሙሽራ ልብስ እንግዳ ዓይን አያየውም" አለ። ዓርብ ልጁ ልትዳር ነው ማለቱ ነው። "እኔ ሌባ አይደለም። ኢድሪስ ነኝ። አሶሳ ሰው ሁሉ እኔን ያውቃል።"

"ንጹሕ ሰው ስልቻውን ይከፍታል" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የራሴን ስልቻ ክፈት ያለኝ አልነበረም፤ ከሳሽ ነኛ።

ዘበኛው ብዙ አልደከመም። የኩታዬን ጫፍ ኢድሪስ ትከሻው ላይ ካደረገው ነጠላ ጫፍ ጋር አጠላልፎ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። "ዳኛው ዛሬ ጠዋት ወደ አሶሳ ሄደዋል፤ ተከተሏቸው" አለን። "ከሳቸው ፊት ሳይደርስ ቋጠሮውን የፈታ የተረታ ነው። ሌባው ሲታወቅ ጅራፉን ይቀምሳል። ከሳሹ ዋሽቶ ከተገኘ ደግሞ ያንኑ የሌባውን ጅራፍ እሱ ይቀበላል።"

ይህ ቁራኛ ይባላል። በእኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ተራራ ሲወጡ ማየት ብርቅ አይደለም። ቋጠሮው በሁለት ጣት ይፈታል። የሚፈታው ግን የለም፤ ሰውን የሚያስረው ጨርቁ ሳይሆን የሚባለው ነገር ነው።

ተጓዝን። ኢድሪስ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ፋርሶዬ ገና አልበረደልኝም፤ እሱ አንድ ሲራመድ እኔ ሁለት ተኩል። ሲሰግድ መጀመሪያ ቁጢጥ ብዬ ልጠብቀው ሞከርኩ፤ ኩታዬ አንገቴን ሊያንቀኝ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እሱ ወደ መካ ሲሰግድ፣ ኢየሩሳሌምም ከዚያ ብዙ አትርቅም ብዬ አብሬው መውደቅ ጀመርኩ። በዚያች ሳምንት የሰገድኩት ስግደት በስቅለት ቀን ከሰገድኩት ይበልጣል። እልህ ስለያዘኝ ጠዋት ዳዊቴን በቃሌ ስደግም ከወትሮው አስረዝመው ነበር። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ እስክጨርስ ይቆማል፤ ይህም አናደደኝ። ሌላም ሌላም ችግር ነበር፤ አንባቢ ጨዋ ስለሆነ እሱን እዘለዋለሁ።

ፀሐዩ ሲበረታ ዝባድ ሸተተኝ። አፍንጫዬ ከለመደው በላይ ሆኖ መጣ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ስልቻው ውስጥ ይዞታል። ኢድሪስም ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ይህንን የሌባ ሐፍረት ነው ብዬ ተረጎምኩት። በሶዬ ጣዕሙ ትንሽ ተለውጦብኝ ነበር፤ እሱን በቆላው ውሃ አመካኘሁ።

እሁድ አንድ የበርታ መንደር ደረስን። ሽመል በሚሉት ቀርከሃ ከተሠሩት ቤቶች መካከል ስምንት ያህል ሰዎች ጦርና ቆልማማ ዱላ ይዘው ወጡ። ደጋ ሰው የበርታ ሰው አስሮ ሲሄድ ማየት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰው የሚሸጥበት ዘመን ነው። ታስሮ ከዚያ አገር የወጣ ሰው አይመለስም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ባምባሲ ላይ ስጮህ ግን አንዴም አልታሰበኝም። አንዱ የጦሩን ጫፍ እጀ ጠባቤ ላይ አሳረፈ።  ኢድሪስ አንድ ቃል ቢል እዚያው መቅረቴ ነው።

ኢድሪስ በቋንቋቸው ረጋ ብሎ ተናገረ። ሰዎቹ ወደኔ አዩ። እንደገና አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ጦሩም ተነሣ፤ አንዱ ለውዝ አምጥቶ በእጄ ጨበጠልኝ።

"ምን አልካቸው?" አልኩት ስንርቅ።

"እሱ አይደለም እኔን ያሰረ፣ እኔ ነው እሱን ያሰረ አልኩ። እብድ ነው፣ ገበያ ውስጥ ሰው ይይዛል፣ ይጮኻል፣ ለፈቂ ልወስድ ነው አልኩ።"

ፈቂ ቁርዓን አዋቂያቸው ነው፤ የታመመ ሰው ላይ ያነብባል። በእኛም አገር እብድ ታስሮ ጠበል ስለሚወሰድ ነገሩ ገባኝ። ቀጥሎ ባለው መንደር ሳልጠየቅ በገዛ ፈቃዴ ትንሽ ጮኽኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮም አፌ "አንተ" ማለቱን ትቶ "አያ ኢድሪስ" ማለት ጀመረ። ሌባ ነው ብዬ ማመኑን ግን አልተውኩም። ሌባም ቢሆን ደግ ሌባ ነው አልኩ።

ሰኞ አሶሳ ገባን። ዳኛው መንጌ ሄደዋል ተባልን። የአያ ኢድሪስ ቤት ከአሶሳ ዳር ነው። ግቢው ተጠርጎ ለዓርብ የሽመል ዳስ ተሠርቷል። ሚስቱ አሻ ወጥታ ባልዋን አየች፣ ቋጠሮውን አየች፣ እኔን አየች። ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ አማርኛዋን ፈልጋ ፈልጋ ለኔ አለችኝ፦

"የሙሽራው አባት ጁምአ ይመጣል። የታሰረ ሰው ልጅ አይወስድም። አንተ ይገባሃል?"

"የጠፋብኝን ካገኘሁ..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።  የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አንድ ገበታ ላይ አድርጋ ለሁለታችን አቀረበች። ቁጣዋ በገንፎው ላይ አልታየም።

እንዲህ ሆኖ ባዶ እጄን መብላት ከበደኝ። በሶ ላዋጣ ብዬ እጄን ስልቻዬ ውስጥ እስከ ሥሩ ከተትኩ። ጣቶቼ አንድ ለስላሳ፣ ጠመም ያለ፣ የቀዘቀዘ ነገር ነኩ።

ቀንዱ ነው። ከዚያ ሁሉም ትዝ አለኝ። ሦስተኛውን ፋርሶ ልጠጣ ስል፣ ገበያ ነው፣ ሌባ አይጠፋም ብዬ ቀንዱን ካንገቴ ፈትቼ በሶው ሥር ቀብሬው ነበር። ከሌባ ስደብቀው ከራሴም ደበቅሁት።

"ምን ሆነ?" አለች አሻ።

"ምንም። በሶው አልቋል።"

ስልቻው በበሶ ሞልቶ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። አየችው።  አያ ኢድሪስ ገንፎውን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ተቋጥሬያለሁ፣ እሱም አብሮኝ ሊዋጥ ነው።

ለምን እዚያው አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ስል ነበር። ጅራፉ አለ፤ ጀርባዬ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከጅራፉ ይበልጥ የፈራሁት የዚያችን ሴት ፊት ነው። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ማክሰኞ ሲነጋ ወደ መንጌ ስንወጣ፣ መንገድ ላይ እናገራለሁ አልኩ። መንገድ ላይ ስንደርስ፣ ጥላ ያለበት ቦታ እናገራለሁ አልኩ። በዚያ መንገድ ጥላ ሞልቷል።

ቀንዱን አውጥቼ እንዳልጥል የክንድ ያህል ርቆ ሰው አብሮኝ ይሄዳል። የእናቴ ወይፈንም ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። የቀንዱ ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ ሙቀቱ ዝባዱን ማፍሰስ ጀመረ፤ ሽታው ከስልቻዬ እየወጣ በፊታችን ይሄዳል። አያ ኢድሪስ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጠረጠረ፣ አልኩ። አሁን ይይዘኛል፣ አሁን፣ አሁን። ላብ አጠመቀኝ።

እሱ ቆመና አየኝ። "ደክሟል አንተ። ስልቻ ስጠኝ።"

"አይከብደኝም።"

"ይከብዳል። ፊትህ ጥሩ አይደለም። ስጠኝ።"

ከትከሻዬ ላይ ወስዶ ከራሱ ስልቻ ጋር አዘለው። ሰረቀ ያልኩትን ቀንድ ጀርባው ላይ ተሸክሞልኝ ከፊቴ ይሄዳል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አሁን ዳኛውን ብናገኝ ቀንዱ የሚገኘው በኢድሪስ ጀርባ ላይ ነው። ስልቻዬ ውስጥ ራሱ ከተተው ብል ማን አይሆንም ይለኛል? ሰይጣን ሹክ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ሐሳቡ ግን በራሴ ድምፅ ነው የተናገረው። መቶ እርምጃ ያህል ከዚህ ሐሳብ ጋር ሄድኩ። ከዚያ ዘልዬ ስልቻዬን ከጀርባው ነጠቅሁት። በሕይወቴ ራሴን እንዲያ ጠልቼው አላውቅም።

አያ ኢድሪስ ግር ብሎት "እሺ፣ እሺ" አለኝ። በእርግጥም ሳላብድ አልቀረሁም ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ረቡዕ ከቀትር በፊት መንጌ ደረስን። የእብደቴ ወሬ ቀድሞን ኖሮ ፈቂው ራሱ መንገድ ላይ ጠበቀን። ጭንቅላቴን ይዞ ማንበብ ጀመረ፤ እኔም በልቤ እመቤቴን እየጠራሁ ነበር፤ ሁለታችንም ከልባችን ነበርን። መሀል ላይ አስነጠሰው። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስነጥሰው ጭንቅላቴን ለቆ ወደኋላ ሄደ።

"የዚህ ሰው ጅኒ ይሸታል አለ" ብሎ አያ ኢድሪስ ተረጎመልኝ።

ዳኛው ደግሞ በወሰን ጉዳይ ኩርሙክ ሄደዋል። ኩርሙክ ደርሰን ለዓርብ መመለስ የሚሆን ነገር አይደለም። አያ ኢድሪስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ተቋጥሬያለሁና ተቀመጥኩ። የሙሽራዋን ልብስ የያዘውን ስልቻ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳበሰው።

"ኩርሙክ እንሄዳለን" አለ።

"ልጅህስ፣ አያ ኢድሪስ?"

"ልጄ ይጠብቃል። እኔ ቋጠሮ ከፈታሁ ሌባ ነው ይላል ሰው። የሌባ ልጅ ማን ያገባል?"

አሁን ነው መናገር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ወደ አሶሳ እንመለስ፤ ኒካሁ ይቅደም፣ ዳኛው አይጠፉም" የሚል ግማሽ ነገር ነው። አያ ኢድሪስ ትከሻዬን ያዘ። "አንተ ከሳሽ ነው፣ ግን ደግ ነው። አላህ ይስጥህ" አለኝ። ተደብድቤም እንደዚያ አላመመኝም።

ዓርብ ቀትር ሲሆን አሶሳ ደረስን። ዳሱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም አዲስ ለብሷል፤ እኛ አቧራ ለብሰናል። የሙሽራው አባት ፀጉሩ የሸበተ፣ ከደጋ ነጋዴዎች ጋር የኖረ አማርኛ አዋቂ ነው። ከምንጣፉ ሳይነሣ ቋጠሮውን አየ።  አሻ በሙሽራዋ ቤት በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የልጅቱ የሂና እጅ በሩን ይዞ ይታያል። አያ ኢድሪስ ሊናገር ሲል ሽማግሌው በእጁ አስቆመው። ጥያቄው ለኔ ነው።

"የደጋው ልጅ። እኛ ዛሬ ዘመድ ልንሆን መጥተናል። ይህ ሰው የወሰደብህ ነገር ካለ ተነሥተን እንሄዳለን። ምን ወሰደብህ?"

 ስልቻዬን አወረድኩ። አፉን ፈትቼ እስከ ክርኔ ከትቼ ቀንዱን አወጣሁት። ማሰሪያው እጄ ላይ ተፈታ፤ ሽታው ዳሱን ሞላው፤ ከፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ።

"ምንም አልወሰደብኝም" አልኩ። "ሰክሬ ራሴ የደበቅሁት ነው። ከሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ። በዚህ ሰው ገበታ እየበላሁ አውቄ ዝም አልኩ።"

 ከጥግ አንድ ጎልማሳ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ዳኛ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ እኔና ቋጠሮው ብቻ።

አያ ኢድሪስ ወደ ቀንዱ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ወደኔ ዞሮ ኩታዬን አሸተተ። እንደገና ቀንዱን።

"ይህ ነው የሚሸተው?" አለኝ።

"ይህ ነው።"

"ወላሂ እኔ ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ይሸታል መስሎኝ። መናገር ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰባት ቀን በአፌ ነው የተነፈስኩ።"

መጀመሪያ የሳቀው ሽማግሌው ነው። በበርታ ቋንቋ ለሌሎቹ ሲነግራቸው ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ባለዱላውም ዱላውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ሆዴ ባብቶ ዕንባዬ መጣ።

አሻ አልሳቀችም። ቢላዋ ይዛ ወደኔ መጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቋጠሮውን ከኔ በኩል ቆረጠችው፤ የኩታዬ ጫፍ ከባልዋ ነጠላ ላይ እንደተቋጠረ ቀረ። ቀጥላም ቀንዱን ከእጄ ወስዳ ወደ ሙሽራዋ ቤት ገባች። የጠየቀኝ የለም። የእናቴ ወይፈን እንዲህ ሆኖ አሶሳ ላይ ተዳረ። ልጅቱ ማታ ስትወጣ ከግቢው እስከ መንገዱ ድረስ ሸተተች። በጥቂቱ ሲሆን ያሳምራል ብያችኋለሁ።

እሁድ ዳኛው በበቅሏቸው ከኩርሙክ ሲመለሱ በዚያ በኩል አለፉ። የሠርግ ገንፎ እየበላን አገኙን።

"በቁራኛ የሚፈልጉኝ ሁለት ሰዎች አሉ ተብያለሁ። የታሉ?"

 አንድ ቃል ከአያ ኢድሪስ አፍ ቢወጣ ጅራፉ የኔ ነው፤ ይገባኛልም። ልነሣ ስል ጉልበቴን ተጭኖ አስቀመጠኝ።

"ሌባ የለም፣ ጌታዬ። ከሳሽም የለም። ይህ ሙሳፊር ነው፣ መንገደኛ ነው፣ የሠርጌ እንግዳ ነው።"

ዳኛው ኩታዬን አዩት። "ጫፉ ምን ሆነ?"

"አይጥ በላው" አለ አያ ኢድሪስ።

ለነፍስ አባቴ የነገርኩት ውሸት እንግዲህ የኔ አይደለም፤ የተዋስኩት ነው።

ሱዳን አልገባሁም፤ ኢየሩሳሌምም እስከ ዛሬ ቀረችብኝ። ከአሶሳ ወደ መንደሬ ተመለስኩ፣ ለእናቴም የአዞውን ታሪክ ነገርኳት። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ ወደ ገበያችን መጥቶ ጫፍ የሌለው ኩታ የለበሰ ሰው እያለ ሲጠይቅ ዋለ።

"ከአሶሳ ቁራኛህ ሰላም ብሎሃል" አለኝ ሲያገኘኝ። "ልጁ ወልዳለች። ጫፍህ እሱ ጋ ነው፤ መጥተህ ውሰድ ብሏል።"

ስልቻዬን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። ጫፉን ግን እስካሁን አላመጣሁትም።